ደረቁ የቫርዳቫር እንግዳ

በውሃ መራጫው በዓል፣ በቫርዳቫር ጠዋት ስልክ የሚደውል ሰው ወይ የአርመኗን ከተማ ጊዩምሪን አያውቅም፣ ወይ ውሃ ፈርቷል። አርሻሉስ ግቢዋ ውስጥ በርሜሏን በውሃ ጎማ እየሞላች ሳለች ነው ስልኩ የጮኸው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው።

«እማማ አርሻሉስ ነዎት? ታቴቪክ እባላለሁ። ከየሬቫን ነው የምደውለው፤ ከአቶ ቫቻጋን የምርጫ ቢሮ።»

«ምን ሆነ ወንድሜ?»

«ኧረ ምንም አልሆኑም! እንደውም ዛሬ ከሰዓት ወደ እናንተ ይመጣሉ። የመጨረሻው የቅስቀሳ ንግግራቸው እዚያው እናንተ ሰፈር ነው የሚሆነው። ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፈዋል።»

አርሻሉስ ያንን የሚያህል ሰውነቷን ይዛ ልትዘል ምንም አልቀራት። በስንት ጊዜው! ወንድሟ ቫቾ ወደ ሰፈሩ ሊመጣ ነው! ጎማው ከእጇ አምልጦ ዶሮዎቹን ያጥባል፣ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት ነበር» አለች ልጅቷ ድምጿን አለስልሳ። «የሰፈሩ ሰው እርስዎን ይሰማል ሲባል ሰምቻለሁ። እባክዎ፣ ማንም ውሃ እንዳይረጭባቸው ይንገሩልን።»

«ማንን ነው ውሃ እንዳይነካው የምትዪኝ?»

«አቶ ቫቻጋንን።»

«በቫርዳቫር?»

«አዎ… ሱፍ ይለብሳሉ፣ ማይክም ይኖራል፣ ካሜራ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?»

«እሳቸው ናቸው። አደራ በያት ነው ያሉኝ።»

አርሻሉስ ስልኩን ዘጋችው። ደህና ዋዪ እንኳን አላለችም። ከዚያ ጎማውን አንስታ፣ ምንም ያላደረጋትን የአፕሪኮት ዛፍ ቁጭ ብላ ስታጠጣ ቆየች።

ንዴቷ እንዲገባችሁ ስለ ቀኑ ትንሽ ልበል። ቫርዳቫር ያው የደብረ ታቦር በዓል ነው። በዚያን ቀን ውሃ የሚረጨው የሚወደድ ሰው ላይ ነው፣ የሚከበረው ላይ ነው፣ የማይታወቀው መንገደኛም ላይ ነው። ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ይረጥባሉ፣ ፖሊሱ ፊሽካውን እንደያዘ ይረጥባል፣ ሙሽራ ከነቬሏ ትቸለሳለች። መቆጣት የለም። የተቆጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ነው። በአርሻሉስ ሰፈር ሳይረጥብ የሚታለፍ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም አስከሬን የወጣበት ቤት። የዚያ ቤት ሰዎች ባልዲያቸውን ደጃቸው ላይ በአፉ ይደፉታል። ያንን ያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውሃውን ይዞ፣ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል።

ደግሞስ ቫቾ! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ምንም አይደለም። የዚህን ሰው ነገር ሁሉ ያስጀመረው አንድ ባልዲ ውሃ አይደለም እንዴ?

ከተማዋ ገና በሌኒን ስም በምትጠራበት ዘመን ነው። የከተማው የፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ በጥቁር ቮልጋ መኪና መጥቶ እዚሁ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ ቀኑ ቫርዳቫር ነው። እሱ ግን በዓል የሚባል ነገር እንደሌለ ሊናገር ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ባልዲውን ደብቆ ጸጥ አለ። ቫቻጋን ያን ጊዜ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነው፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፤ ሰገነት ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። አርሻሉስ ከኋላው ነበረች። ባልዲውን ያቀበለችው እሷ ናት። «አትችልም» አለችው። ወንድሟን እንዲህ ካሉት ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። ውሃው ከነባርኔጣው ጸሐፊው ላይ ሲወርድ ሰፈሩ ትንፋሹን ዋጠ፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም።

ኮሌጁ አባረረው። ከአባቱ ጋር ጥቁር ድንጋይ ሲጠርብ፣ ሲሸከም ኖረ። ሰዉ ግን «ውሃ የደፋው ልጅ» እያለ ምክር ሊጠይቀው ይመጣ ጀመር። በሶቪየት ዘመን ማብቂያ ያ ትልቁ ሰልፍ ሲነሳ፣ ሕዝቡ ዋና ከተማዋ የሬቫን አደባባይ ላይ ሲጎርፍ፣ ጊዩምሪ ልጄ ብላ የላከችው እሱን ነው፤ ድምፁ እስኪዘጋ ተናገረ። መሬት በተንቀጠቀጠች ጊዜ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ ተመለሰ፤ በበረዶ ውስጥ በጥፍሩ ፍርስራሽ ሲቆፍር አርሻሉስ በዓይኗ አይታዋለች። ስንቱን ጎረቤት በሕይወት አወጣ፤ እናቱን ግን ሬሳዋን ነው ያወጣት። ፓርላማ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሰፈሩ መሐል የድንጋይ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ማቆም ነበር። ድንጋዩን የጠረበው አባታቸው ነው፤ የተጻፈበት ስም የእናታቸው፣ የህሪፕሲሜ፤ ያው አርሴማ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያም የፓርቲ መሪ። መስታወቱ የጠቆረ መኪና መጣ። መምጣቱ በዓመት አንዴ ሆነ፣ ቀጥሎ በስልክ ሆነ። አምና በእናታቸው መታሰቢያ ቀን አርሻሉስ ጋታ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ፣ ሥጋውን ለጥብስ ዘፍዝፋ ደጅ ደጁን ስታይ፣ የመጣው ሾፌሩ ነው። አበባ ይዞ! ከዚያን ቀን ወዲህ ከወንድሟ ጋር አልተነጋገረችም። እሱም በአካል አልመጣም።

እሺ እንግዲህ። አርሻሉስ ከዛፉ ሥር ተነሳች፣ ሽርጧን አጠበቀች፣ ወደ ሙኩች ጸጉር ቤት ሄደች። ሙኩች የቫቻጋን አብሮ አደግ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል።

«ሰማህ? ቫቾ ዛሬ ሊመጣ ነው። ጠብታ ውሃ እንዳይነካኝ ብሏል።»

«ማን? ቫቾ? አንቺ ሴትዮ፣ ለበዓሉ ቀምሰሻል እንዴ?»

«አደራ በያት ነው ያለው!»

ሙኩች መቀሱን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ይሻላል? የምርጫው ወሬ አንገት ለአንገት ነው። ተፎካካሪው፣ ያ የባንክ ቤት ጎረምሳ፣ የሬቫንን ይዟታል። ቫቾን የሚያድነው ጊዩምሪ ብቻ ነው፤ ጊዩምሪ ደግሞ የምታየው የራሱ ሰፈር እንዴት እንደተቀበለው ነው።»

«ደረቅ ልግባ ካለ ደረቅ ይግባ። ለሁሉም ንገርልኝ። ባልዲ ሁሉ ደጅ ላይ በአፉ ይደፋ።»

«አርሻሉስ!» አለ ሙኩች። «ይሄማ የሟች ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩህ?» አለችና በሩን ጎትታበት ወጣች።

ይህ ሰፈር ቁም ነገር ቢሉት ይለግማል፣ ተንኮል ሲሉት ግን የሚቀድመው የለም። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ባልዲው፣ ሳፋው፣ የሕፃናት ማጠቢያው ሳይቀር በአፉ ተደፍቶ ተደረደረ። አርሻሉስ የራሷን ስትደፋ እጇ እንቢ አላት። ቀይ ባልዲ ነበረች። «ቀላል ነው፣ ባልዲ ነው» ብላ ራሷን ተቆጣችና ደፋችው። ከዚያ በረንዳዋ ላይ ቁጭ አለች። ሰውዬው ሊዋረድ እንደሆነ ታውቃለች። አገር እያየ ሊዋረድ ነው፣ ያዋረደችውም እሷ ናት። ቀረ ብላ ደጅ ለደጅ ልትሮጥ ሁለቴ ተነሳች፤ አበባ ያንጠለጠለው ሾፌር ትዝ ሲላት ሁለቴ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ከታች ሰፈር ጩኸትና ሳቅ ተሰማ። መኪኖቹ ገብተዋል! እዚያ የሚያውቃቸውም የማያውቃቸውም ከፎቅ፣ ከዛፍ፣ ከጣራ ውሃውን ይለቅባቸዋል፤ የመኪኖቹ መስኮት ግን ጥርቅም ነው። መኪኖቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ወደ እነ አርሻሉስ መንገድ ሲታጠፉ ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሰው በግራ በቀኝ ቆሟል። ሁሉም ደረቅ ነው። ሁሉም ዝም ብሏል። ያ ሁሉ ባልዲ ቂጡን ወደ ሰማይ አድርጓል።

መጀመሪያ የወረደችው አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ናት፣ ጃንጥላ ይዛ። ዙሪያዋን አይታ ፊቷ በራ። «ተመስገን! እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ሰፈር ነው!» አለች። ታቴቪክ እሷ ነበረች። ምስኪን፣ የየሬቫን ልጅ፣ ከየት ታውቀዋለች።

ቫቻጋን ወረደ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱፍ፣ እንደ ቁራ የጠቆረ ጸጉር። ሰዉ በትሕትና አጨበጨበ። እሱ በዚህ መንገድ ላይ ሲሄድ ጭብጨባ ሰምቶ አያውቅም፤ የለመደው ስድብ፣ እቅፍና በጥፊ መመታት ነው።

ሙኩች ወደ ፊት ወጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ክቡር ሆይ፣ እንኳን በደህና መጡልን።»

«ሙኩች፣ ምን ሆነሃል አንተ?»

«ደህና ነን ክቡርነትዎ። በእርስዎ ጸሎት።»

የቴሌቪዥኑ ጋዜጠኛ ደግሞ ለክፋቱ የጊዩምሪ ልጅ ሆነና ባልዲዎቹን ገና ሲያይ ገብቶታል። ወደ ካሜራው ዞሮ ሹክ ማለት ጀመረ፦ «ተመልካቾቻችን፣ በቀጥታ እያያችሁ ነው። እዚህ ሰፈር በአፉ የተደፋ ባልዲ ቤቱ ለቅሶ አለበት ማለት ነው። እንግዲህ አቶ ቫቻጋንን የተቀበላቸው…» ታቴቪክ ይህን ስትሰማ ዘወር ብላ ባልዲዎቹን እንደገና አየች።

ቫቻጋን ምንጩ አጠገብ ቆመና ወረቀቱን ዘረጋ። «ውድ ወገኖቼ…» አለ። ቀና አለ። ዓይኑ ከደጅ ወደ ደጅ ሄደ። ከዚያ ቀዩዋ ባልዲ ላይ አረፈ፤ የገዛ ቤቱ ደጅ ላይ፣ ተወልዶ ያደገበት። ወረቀቱን አጠፈው።

ማይኩን እንደያዘ ወደ አርሻሉስ ሄደ። እሷ ከበረንዳዋ አልተነሳችም።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ሞተብን?»

«ወንድም ነበረኝ።»

ድምጿ በማይኩ አልፎ ሰፈሩን ሞላው። በየቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰማው።

«ምን ሆኖ ሞተ?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ። አበባ በሾፌር የላከልኝ ጊዜ ታሞ ነበር መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ‘ውሃ እንዳይነካኝ’ ብሎ መርዶውን በራሱ ቢሮ አስነገረ።»

«ምክንያት አለኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ተናገራ! ምን ምክንያት አለህ? ብርድ ነው? ስኳር ሆነሃል እንዳልል፣ አትሟሟም!»

ሳቅ ሊያመልጠው የነበረ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ቫቻጋን እጁን ወደ ጸጉሩ አነሳና መለሰው። ፊቱ ቀላ። አርሻሉስ ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ሰገነት ላይ «አትችልም» ያለችው ጊዜ የነበረው ፊት ነው። አድርገው፣ አለች በሆዷ፤ ምን እንደሚያደርግ ግን አታውቅም። አድርገው ቫቾ፣ ምንም ይሁን አድርገው!

ኮቱን አወለቀና ለታቴቪክ ወረወረላት። ጎንበስ ብሎ ቀዩዋን ባልዲ አነሳት፣ ገለበጣት፣ ይዟት ወደ እናቱ ምንጭ ሄደ። ውሃዋ እንደ ክር ቀጭን ናት፤ አገር በሙሉ አንድ ባልዲ እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀ።

«ጌታዬ! ጸጉርዎ!» አለች ታቴቪክ በሹክሹክታ፣ ግን ማይኩ ሰማት።

«ተይኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ባልዲው ሞላ። ተሸክሞት መጣ። አርሻሉስ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አታደርገውም።»

«ቫርዳቫር ነው።»

«አሮጊት ነኝ፣ አንተ ባለጌ! ጉልበቴን ያመኛል!»

«እማዬን ጉልበቷን እያመማት አልነበር እንዴ በየዓመቱ የምንቸልሳት?» አለና ባልዲውን በሙሉ በአናቷ ላይ ገለበጠው።

ወይኔ! ውሃው በአንገቷ ገብቶ በጫማዋ ወጣ። ሰፈሩ እንደዚያን ቀን፣ እንደ ጸሐፊው ቀን፣ ትንፋሹን ዋጠ። አርሻሉስ ዓይኗን ጠረገች። አንዴ ተነፈሰች።

«ሙኩች!» ብላ ጮኸች። «በርሜሉን!»

ለካስ አንዱም በርሜል ባዶ አልነበረም! ከጊዩምሪ ሰው ማን ነው በቫርዳቫር ቀን በርሜሉን ሳይሞላ የሚያድር? ባልዲውን ለይሉኝታ ደፍተውታል እንጂ ከየአጥሩ ጀርባ፣ ከየደረጃው ሥር ውሃው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። የተደፋው ሁሉ ተገለበጠ። ከሰገነቱ ወረደ፣ ከጣራው ወረደ፣ አንዱ ጎማውን አመጣ፣ ሙኩች የጸጉር ቤቱን ሳፋ ይዞ ሮጠ። አጃቢዎቹ መጀመሪያ ሰውዬውን ሊከልሉ ሞከሩ፤ ወዲያው ደግሞ ከአንዲት አሮጊት ባልዲ ነጥቀው እርስ በርሳቸው ይራጩ ጀመር። ቫቻጋን መሐል ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ይጮኻል፣ ይስቃል፣ «ሌላ! ሌላ!» ይላል። አርሻሉስ እንደ ልጅ እየዘለለች ነበር፤ የጉልበቷ ሕመም የት እንደሄደ እሷም አታውቅም።

ከዚያ አንዱ «ኧረ እዩት» አለ። ሁሉም አየ። ከቫቻጋን ጸጉር ላይ ጥቁር ውሃ በግንባሩ፣ በጆሮው፣ በጉንጩ ይወርዳል። ነጩ ሸሚዝ ከሰል የተሸከመበት መሰለ። ሳቁ ቆመ። የካሜራው ሰው ሌንሱን አስጠግቶ ያንኑ ያሳያል። ታቴቪክ «አለቀልን» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ሙኩች ሳፋውን እንደያዘ ጠጋ ብሎ አየው። «ቫቾ!» አለ በትልቅ ድምፅ። «አምላኬ! ጭንቅላትህ ውስጥ የነበረው ሁሉ እየፈሰሰ ነው!»

እንዲህ ያለ ሳቅ ጊዩምሪ ሰምታ አታውቅም። ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ቫቻጋን ራሱ ምንጩን ደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ማይኩን አነሳ፤ ማይኩ እየተንጣጣ እንደምንም ሠራ።

«ለዚህ ነው ደረቅ ልግባ ያልኩት» አለ። «ዛሬ ጠዋት ነው ጸጉሬን ቀለም የተቀባሁት። ያኛው ወጣት ነው፣ ሽማግሌ ብላችሁ ትተዉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ጸሐፊውን ያልፈራሁት ሰውዬ፣ ሽበቴን ፈራሁ!»

«አበባውንስ?» አለች አርሻሉስ። አልሳቀችም።

ወደ እሷ ዞረ። «አበባውን አፍሬ ነው የላክሁት። ቆይቼ ስለነበር፣ ምን ብዬ እመጣለሁ ብዬ። በቆየሁ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ። ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

«ሳሙና አምጡልኝ» አለች አርሻሉስ።

ሙኩች ሳሙናውን አቀበላት። «ጎንበስ በል» አለችው። የፓርቲው መሪ፣ የቀድሞው ሚኒስትር፣ አገር እያየው ከእናቱ ምንጭ ሥር ጎንበስ አለ። አርሻሉስ እጅጌዋን ሰብስባ አሸችው፣ ልጅ እያለ እንደምታሸው፣ ያለ ርኅራኄ።

«ዓይኔን! ዓይኔን!»

«ዝም በል። ስትቀባ አላመመህም።»

ውሃው መጀመሪያ ጥቁር ወረደ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ጥርት አለ። ቀና ሲል ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር፣ ድንጋይ ጠራቢው አባታቸው ከሥራ ሲገባ አቧራ ለብሶ እንደሚነጣው። አርሻሉስ ሳሙናው ከእጇ ወደቀ። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ለቅሶ ያዛት፤ አንገቱን አንቃ አቀፈችው፣ ጮክ ብላ፣ ማንንም ሳታፍር አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው። ወንድሟ አለ፤ ይኸው ቆሟል፣ ከነሽበቱ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ።

«የሚመጣው እሑድ ማንን ትመርጫለሽ?» አላት በጆሮዋ።

«ጸጉረ ጥቁሩን ሰውዬ አልመርጠውም ነበር» አለች አፍንጫዋን በሽርጧ እየጠረገች። «ይሄን ሽማግሌ ግን አውቀዋለሁ።»

የንግግሩ ወረቀት ሊጥ ሆኖ ነበር። ቫቻጋን ያለ ወረቀት ተናገረ፤ ከአገጩ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ከሰዉ ጋር እየተሰዳደበ፣ ሙኩች በየመሐሉ እየገባ። ምርጫውን ያሸነፈው እሑድ ሳይሆን ያኔ ነው ይላሉ ሰዎች እስከ ዛሬ።

አርሻሉስ ግን ንግግሩን እስከ መጨረሻው አልሰማችም። ቀዩዋን ባልዲዋን እንደገና ከምንጩ ስር ደቅና ስትሞላ ነበር። ሲሞላ አነሳችና ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ሰው ብቻ ደረቅ ነበረች፤ ከጃንጥላዋ ሥር ኮት አቅፋ፣ ጉንጯ ላይ እንባ፣ አፏ ላይ ሳቅ፣ የትኛውን እንደምትከተል ግራ ገብቷት ቆማለች። አርሻሉስ ቀስ ብላ ተጠጋቻት።

«አንቺስ፣ ልጄ» አለቻት ባልዲውን ከፍ አድርጋ፣ «በሕይወት አለሽ?»

ታቴቪክ ጃንጥላውን ጣለችው።